ድምፁን ዘግቼ የፈረድኩበት ጌም

ይህን ነገር እስከዛሬ ከአፌ አውጥቼ ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳን አልነገርኳቸውም። ልናዘዝ ብዬ ደጋግሜ ፊታቸው ተንበርክኬያለሁ፤ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ጋ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? «አባቴ፣ አንድ የቪዲዮ ጌም ሳልጨርስ ጨርሻለሁ ብዬ ዋሸሁ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ይህማ ቀላል ነው» ብለው ጥቂት ስግደት አዘው ያሰናብቱኛል። ቀላል ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ። ቀላል እንዳልሆነ ለማስረዳት ደግሞ የቀረውን ሁሉ መናገር ሊኖርብኝ ነው። የቀረውን መናገር አልቻልኩም።

ስለዚህ ለእናንተ ልናገረው። አታውቁኝም፣ አላውቃችሁም። ስታነቡ ፊታችሁን አላይም። ፈሪ እንደሆንኩ ከዚሁ መገመት ትችላላችሁ።

ስሜ ሱራፌል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አዳዲስ የኮንሶል ጌሞች በአማርኛ የማወራበት የቪዲዮ ቻናል ነበረኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ግድግዳውን በሰማያዊና በሐምራዊ መብራት አሸብርቄ፣ ካሜራ ፊት ተቀምጬ እፈርድ ነበር። በሲዲ ስለሚሸጡት አልነበረም የማወራው፤ ከኢንተርኔት ዳውንሎድ ተደርገው ስለሚጫወቷቸው ነበር። እዚህ አገር አንድ ጌም ዳውንሎድ ማድረግ ቀልድ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ልጁ የወር የኢንተርኔት ፓኬጁን በሙሉ አቃጥሎ፣ መብራት እንዳይጠፋበት እየጸለየ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል። ስለዚህ «ይህን አውርዱት» ወይም «ይህን ተዉት» የሚል ሰው ቃሉ ይሰማል። የእኔ ቃል ይሰማ ነበር።

የሚሰማውም በአንድ ምክንያት ነው። አቺቭመንት የሚባል ነገር አለ፤ ጌሙ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ስትሠሩ ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ የሚል የስኬት ምልክት ነው። ሁሉንም የሰበሰበ ሰው ጌሙን አብጠርጥሮ ያውቀዋል ማለት ነው። የእኔ መፈክር «አቺቭመንቱን ሳልጨርስ አልፈርድም!» የሚል ነበር። ታክሲ ውስጥ የሚያውቁኝ ልጆች በስሜ ፈንታ በዚህ መፈክር ይጠሩኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር። እንቅልፍ አጥቼ፣ ጣቴ አብጦ፣ የመጨረሻውን ምልክት ሳላይ ካሜራ አልከፍትም ነበር።

ከዚያ ደከመኝ። አንድ ቀን አንድ ረጅም የውጭ ጌም ግማሹ ላይ ተውኩና ጨረስኩት ብዬ አወራሁ። ማንም አልነቃብኝም። ባሕር ማዶ ያለ ሠሪ በእኔ አማርኛ ምን ይጎዳል? አልኩ። ቀጥሎ ሩቡን ተጫውቼ ፈረድኩ። ቀጥሎ ሌሎች ያሉትን አንብቤ ብቻ ፈረድኩ። ውሸት ሲለመድ ከውሸትነቱ ይልቅ ቅልጥፍና ይመስላል።

ሌላው ሁሉ ቢሆን ይቅር ይባልልኝ ይሆናል። የናቲ ጌም ግን…

ናትናኤልና እኔ ላምበረት አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። አባቴን አላውቀውም፤ እናቴ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት። ትምህርት ቤት «ወላጅ አምጣ» ስባል የሚመጡልኝ የናቲ አባት ጋሽ ተፈራ ነበሩ። ጋሽ ተፈራ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ከላምበረት ተነስተው ደሴ ደርሰው ይመለሳሉ። ሲመለሱ የደብረ ሲና ቆሎ ይዘው ይመጣሉ፤ ለናቲ አንድ እፍኝ ከሰጡ ለእኔም አንድ እፍኝ ነው። ዳይሬክተሩ ፊት ቆመው «የእኔ ልጅ ነው፣ እኔ እቀጣዋለሁ» ይሉና ከበሩ ስንወጣ ጭንቅላቴን ዳበስ አድርገው «ደግመህ እንዳታደርገው» ብቻ ይሉኛል። በቃ፣ ቅጣታቸው ይኸው ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ቤተሰቡ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ገባ። አራተኛ ፎቅ። ናቲ ኮምፒውተር ተምሮ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ ማታ ማታ ደግሞ ብቻውን ጌም መሥራት ጀመረ። እኔ ስለ ሰው ሥራ ሳወራ፣ እሱ ይሠራ ነበር።

ጌሙ «ጭጋግ» ይባላል። አንድ ጀማሪ ሾፌር አሮጌ አውቶቡስ ይዞ በጣርማ በር ቁልቁል ይወርዳል። ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል፣ ምንም አይታይም። አጠገቡ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ተቀምጠው መንገዱን በቃል ይነግሩታል። እኚያ ጡረተኛ ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ የገዛ ድምፃቸው ነው። ናቲ ድምፁን የቀዳው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። የጎረቤት ጫጫታ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ አባቱን በርጩማ ላይ አስቀምጦ። እትዬ ዘነበች፣ ባለቤታቸው፣ እየሳቁ እንደነገሩኝ ጋሽ ተፈራ ለቀረጻ ሲገቡ ኮትና ክራባት ያደርጉ ነበር። «ማን ያይሃል?» ሲሏቸው «ሰው ፊት እኮ ነው የምናገረው» ይላሉ።

በዚያ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄጄ ጋሽ ተፈራ በር ድረስ ሸኙኝ። እጄን እንደያዙ፣

«ሱራ፣ አንተ የዚህ ነገር ዳኛ ነህ አሉ» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ዳኛ ነኝ!»

«አይ፣ ልጆቹ ሁሉ ይሉሃል። እንግዲህ ሲያልቅ ስማኝና ፍረደኝ። አታዳላ ታዲያ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ስማኝና ነው ያሉኝ። ስማኝና ፍረደኝ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ወደኋላ ሄጄ እንደሰማሁት!

ናቲ ጨርሶ የሞከረው ዕለት የአቺቭመንቱን ዝርዝር ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሁሉም ምልክት በርቷል። ከሥሩ «አለቀ!!!» ብሎ ጽፏል። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ደስ ግን አላለኝም። ይህን ነው መናገር የሚያሳፍረኝ። ወንድሜ የምለው ሰው ሕልሙን ጨርሶ ሲጮህ ቀናሁበት። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ሥራ ላይ አስተያየት ስሰጥ ኖሬ፣ እኔ ምን ሠርቻለሁ? ያን ጥያቄ ናቲ አልጠየቀኝም። ጌሙ ነው የጠየቀኝ። ስለዚህ ጌሙን ጠላሁት፤ ገና ሳልከፍተው።

ጌሙ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት ናቲ ስቱዲዮዬ መጥቶ የማውረጃውን ኮድ ሰጠኝ።

«ያልተመቸህን ሁሉ ንገረኝ፤ አስተካክዬ ነው የምለቀው» አለ። በር ላይ ደርሶ ተመለሰና፣ «አደራ ሱራ፣ በጆሮ ማዳመጫ ተጫወተው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አወረድኩትና ከፈትኩት። የጋሽ ተፈራ ድምፅ «እንግዲህ ልጄ፣ መሪውን ያዝ…» ብሎ ጀመረ። ስልኬ ጠራ። ሃያ ሁለት አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚከፍት ሰውዬ ለምረቃው ቀን መድረክ እንድመራለት ፈልጎ ነው። እሱን ለመስማት የጌሙን ድምፅ ዘጋሁት። ድምፁን ዘጋሁት። እያወራሁ በአንድ እጄ አውቶቡሱን ነዳሁ። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ገደል ገባሁ። «ተነስ፣ እንደገና» የሚል አቺቭመንት ብቅ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወደቀ ሰው የሚሰጥ ነው። እንደገና ነዳሁ፣ እንደገና ገደል። ስልኩን ጨርሼ ሙዚቃ ከፈትኩ። እንደገና ገደል። ከዚያ መታጠፊያ አላለፍኩም። ያገኘሁት አቺቭመንት ያ ብቻ ነው፤ የመውደቅ አቺቭመንት።

ድምፁን መክፈት ትዝ አላለህም? ትሉኝ ይሆናል። ትዝ ብሎኛል። ረሳሁት ብዬ ለራሴ ለመንገር ዓመታት ሞክሬያለሁ፤ ግን ትዝ ብሎኛል። የናቲ አደራ ጆሮዬ ላይ ነበር። የጆሮ ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጄ አጠገብ ነበር። አላነሳሁትም። ድምፁን ብከፍት ጌሙ ጥሩ ሆኖ እንዳላገኘው ፈራሁ። ይኸው፣ ተናገርኩት። ጥሩ ሆኖ እንዳላገኘው ነው የፈራሁት።

ለናቲ ያልተመቸኝን አልነገርኩትም። እስኪለቀቅ ጠብቄ፣ በተለቀቀበት ቀን ካሜራ ፊት ተቀመጥኩ።

«ይህን ጌም እስከ መጨረሻው ተጫውቼዋለሁ» አልኩ። «አቺቭመንቱን በሙሉ ሰብስቤያለሁ፤ ይኸው።» ናቲ የላከልኝን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አወጣሁት። የእሱን ድካም የእኔ ነው አልኩ። «ሠሪው ጓደኛዬ ነው፤ እኔ ግን በጓደኝነት አልፈርድም። መንገዱ አይታይም፣ መታጠፊያው በግምት ነው። ይህን ሁሉ ታግሳችሁ ስትነዱ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ጆሯችሁ ላይ ይነዘንዛሉ። ድምፃቸው እንቅልፍ ያመጣል። ዝም ቢሉ ጌሙ ይሻለው ነበር። ፓኬጃችሁን አታቃጥሉ።»

ከዚያም አፌን ከፍቼ፣ ዓይኔን ከድኜ አንኮራፋሁ። ለማሳቅ። ያሳደጉኝን ሰውዬ ድምፅ ሳልሰማው አንኮራፋሁበት።

ተሳቀ። ከሠራኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ እንደዚያ የታየ የለም። ልጆች ማንኮራፋቴን ቆርጠው በየስልኩ ተቀባበሉት። የሚያወርድ ጠፋ፤ ያወረደውም ከእኔ ሰምቶ ድምፁን ዘግቶ ስለሚጫወት ገደል እየገባ መጥቶ ይሳደባል፣ «ሱራ ልክ ነበር!» ይላል። ውሸቴ እውነት መሰለ። ሰዉ ሁሉ እኔ የወደቅኩበት ቦታ እየወደቀ ልክ ነህ አለኝ።

ናቲ ደወለልኝ። ይጮህብኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ «ሙያ ነው፣ አታዳላ ብላችሁኛል» ልለው።

«አየሁት» አለ።

«ናቲ፣ ታውቃለህ እኔ…»

«እሺ ሱራ» አለና ዘጋው።

ብዙም ሳይቆይ ጌሙን ከኢንተርኔት መደብሩ አነሳው። ዓመታት የለፋበት ነገር ተፈልጎ የማይገኝ ሆነ። እኔም በቀጣዩ ሳምንት ስለ ሌላ ጌም አወራሁ። እንዴት ቻልክ? አትበሉኝ። ቻልኩ። ያስፈራኝም እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ አራብሳ መሄድ ቀነስኩ። እትዬ ዘነበች ሲደውሉ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። በአንዱ ጥሪ ላይ ግን «ጋሽህ ታሟል፤ ና እንጂ፣ ስምህን ይጠራል» አሉኝ። ከመገናኛ አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። ደረጃው ላይ ሦስት ልጆች ተቀምጠው ስልክ ያያሉ። አንዱ «ዝም ይበሉ ሽማግሌው!» እያለ ያንኮራፋል። የእኔን ማንኮራፋት። ጋሽ ተፈራ ከሕመማቸው በፊት በየቀኑ ይህን እየሰሙ ነበር ያንን ደረጃ የሚወጡት።

ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ተኝተዋል። ያ ሁሉ ቁመት ተሰብስቦ ትንሽ ሆኗል። እትዬ ዘነበች በር ላይ «ከሰው ጋር ማውራት ትቷል፤ እኔንም በእጁ ነው የሚያናግረኝ» ብለውኝ ወደ ኩሽና ገቡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?»

እጄን ያዙ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሹክሹክታ ነበር። ሕመሙ ነው አልኩ። ሕመሙ አልነበረም፤ በድምፃቸው አፍረው ነው።

«ሱራ፣ እንደተቀየምኩህ አድርገህ እንዳትቆጥር» አሉኝ። «ከቤት የቀረኸው ለዚያ ይመስለኛል። አልተቀየምኩህም። አታዳላ አልኩህ፣ አላዳላህም። ሰው እንዲህ ነው መሆን ያለበት።»

በሌላው እጄ ብርድ ልብሱን አስተካከልኩላቸው።

«ያዘንኩት በናቲ ነው» አሉ። «ድምፄ እንደማይሆን እያወቀ፣ አባቴ ይከፋዋል ብሎ ዝም አለ። የልጄን ልፋት እኔ አበላሸሁበት። ክራባቴን አስሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ… ሽማግሌ ሲጃጅል እንዲህ ነው።» ትንሽ ሳቁ። «አንተ ባትነግረኝ ማን ይነግረኝ ነበር?»

ይኸው ነው። ከሁሉም ከሁሉም ይኸው ነው። ቪዲዮው የመጀመሪያው በደሌ ነው፤ ይህ ግን ከዚያ ይብሳል። እጄ በእጃቸው ውስጥ ነበር። ፊታቸው ከፊቴ አንድ ክንድ አይርቅም። «ጋሼ፣ ዋሽቼ ነው፤ አልሰማሁዎትም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እትዬ ዘነበች ሾርባ ይዘው ገቡ፤ ንግግሩ ተቋረጠ። ለብዙ ጊዜ «ሾርባው አቋረጠኝ» እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ሾርባው ከመምጣቱ በፊት በቂ ጊዜ ነበረኝ። ከሾርባው በኋላም ነበረኝ። ትራሳቸውን አስተካከልኩ፣ በማንኪያ ሾርባውን አጠጣኋቸው፣ እትዬ ዘነበች መረቁኝ፣ ወጣሁ።

ጋሽ ተፈራ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ድንኳኑ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ተተከለ። እኔ ወንበር ደረደርኩ፣ ውኃ አቀረብኩ፣ እንግዳ ተቀበልኩ። የድሮ የሥራ ጓደኞቻቸው፣ ሾፌሮቹ፣ አጠገቤ ተቀምጠው «መንገድ ላይ እሱ ሲያወራ ተሳፋሪው መድረሱን ይጠላ ነበር» ይባባላሉ። አንዷ ሴትዮ እኔን እያሳዩ «ይኼኛው ደግሞ እንደ ልጁ ነው» አሉ። ልሸሽ ፈለግኩ። አልሸሸሁም፤ ሌላ ወንበር አመጣሁ።

ከለቅሶው ከተመለስኩ በኋላ ሥራ አልሠራ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ከፈትኩ። «ጭጋግ» ከመደብሩ ቢነሳም ቀድሞ ላወረደው ሰው አይጠፋም፤ እዚያው ነበር። የጆሮ ማዳመጫውን አደረግኩ። ድምፁን ከፈትኩት።

«እንግዲህ ልጄ፣ መሪውን ያዝ። አትጨብጠው፤ ያዝ ብቻ። ጭጋጉን አትፍራው፣ እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ።»

ምን ልበላችሁ? እንደ ድሮው ነበሩ። ላምበረት ግቢያችን ውስጥ ቆሎ እያፈሱልን የሚያወሩት ጋሽ ተፈራ። ወሬያቸው ወሬ ብቻ እንዳልሆነም ወዲያው ገባኝ። «እዚህ ጋ የምንጭ ውኃ ድምፅ ይመጣል፣ እሱን ስትሰማ ማርሽ ቀንስ» ይላሉ፤ ስቀንስ መታጠፊያው ይመጣል። «እዚህ ጋ አንዴ አንዲት ነፍሰ ጡር ተሳፋሪ ነበረችኝ፣ ቀስ ብዬ ነበር የወረድኩት» ይላሉ፤ ቀስ ያላለ ይወድቃል። ታሪኩ ራሱ መንገዱ ነበር። የሚሰማ ሰው አይወድቅም። እኔ ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ አልወደቅኩም። አቺቭመንቶቹ ተራ በተራ ብቅ ይላሉ፤ የሚያሳፍረኝ ብዛታቸው ነበር። በተጫወትኳቸው ጌሞች ሁሉ እንዲህ ያለ አላየሁም። ይህን ያኔ ብናገረው ኖሮ? ቆላው ላይ ደርሰን ጭጋጉ ሲገለጥ «በል፣ ከዚህ በኋላ ብቻህን ትችላለህ» አሉኝና ድምፃቸው ቆመ። የጌሙን መቆጣጠሪያ እንደያዝኩ መሬት ላይ ተደፋሁ።

በዚያው ሳምንት ቪዲዮውን አጠፋሁት፤ ቻናሉንም ዘጋሁት። ማረም ስችል አጠፋሁት። እውነቱን ከመናገር ማጥፋት ይቀላል። ከዚያ ናቲን ልነግረው ቡልቡላ ሄድኩ፤ አሁን የሚሠራው እዚያ ነው፣ የኔትወርክ መስመር ይዘረጋል። ጌም መሥራት ትቷል። አንድ ጭማቂ ቤት ተቀመጥን።

«ናቲ፣ አንድ የምነግርህ…» ስል እጁን አነሳ።

«አትንገረኝ፤ አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ፎቶውን እኔ ነኝ የላክሁልህ ሱራ። የገዛ ፎቶዬን አላውቀውም? ገና ቪዲዮው እንደወጣ ነው ያወቅኩት።»

ጭማቂው ፊቴ ቀረ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ እንዴ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ለአባዬ ነገርኩት። ሱራ ጌሙን አልተጫወተውም፣ ድምፅህን አልሰማውም፣ ዋሽቶ ነው አልኩት። ተቆጣኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ‹ያን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግሁት፣ አይዋሽም። እኔን ለማጽናናት ብለህ የጓደኛህን ስም አታጥፋ› አለኝ። ፎቶውን ላሳየው ስል ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ ምን ላድርግ? አንተን እንዲጠላ ላስገድደው? ሁለት ልጅ ነበር ያለው።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ሰው እያየን ነበር።

«ይቅር…» ስል አሁንም እጁን አነሳ።

«ለእኔ አይደለም። እኔ ጨርሻለሁ። እማዬ ግን እስከ ዛሬ አባዬ ጌሙን ያበላሸብኝ ይመስላታል። እኔ ብነግራት እንደ አባዬ አታምነኝም። አንተ ንገራት።» ተነስቶ ወደ ሥራው ሄደ።

አንተ ንገራት። ይህን ካለኝ ብዙ ወራት አለፉ። አራብሳ ሄጄ አውቃለሁ። ደረጃው ሥር ቆሜ ተመልሼ አውቃለሁ። ወጥቼም ዘይትና ስኳር አስቀምጬ፣ ስለ ውኃ መጥፋት አውርቼ ተመልሻለሁ።

በጋሽ ተፈራ ሙት ዓመት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እትዬ ዘነበች አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ሱራዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትሸነግለኝ» አሉኝ። «እኔ ያንን ጌም አላውቀው፣ ማሽኑም አይገባኝ። ሰው ሲስቅ ግን ሰምቻለሁ። እውነት ድምፁ እንዲያ የሚያስጠላ ነበር? ዕድሜ ልኬን አብሬው ስኖር እኔን አልሰለቸኝም።»

«አይደለም እትዬ» አልኩ። «ድምፃቸው ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ ነበር። ያለ እሳቸው ድምፅ ማንም ሰው አንዲት መታጠፊያ ማለፍ አይችልም።»

ፈገግ ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

«ተባረክ፣ ልታጽናናኝ ብለህ ነው» አሉ። «እሱ ቁጭ ብሎ እየሰማህ እንኳን ያልዋሸህ ልጅ፣ አሁን ለእኔ ብለህ አትዋሽ።»

እውነቱን የተናገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አላመኑኝም። የቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «የዋሸሁት ያኔ ነው፣ እትዬ።» ሰሃኖቹን ሰብስቤ ኩሽና አስገባሁ፤ አጠብኳቸው። ቻው ብዬ ወረድኩ።

እዚህ ወረቀት ላይ ይቅርታ አልጠይቅም። እናንተ ይቅር ብትሉኝ ምን ይሆንልኛል? ወጣት ነበርኩ፣ ደክሞኝ ነበር፣ ቅናት የሰው ነው… ይህን ሁሉ ማለት እችላለሁ፤ አንዱም የሚያነጻኝ አይደለም። አልሰማሁም፣ ሰማሁ አልኩ፤ ሰው በእኔ ቃል አፍሮ ሞተ። ይቅርታ የሚጠየቅበትን ቤት አውቀዋለሁ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ በሩ ቀኑን ሙሉ አይዘጋም፣ ስደርስ «ልጄ መጣ» ይሉኛል። ለእናንተ የጻፍኩትን ያህል እዚያ አልተናገርኩም።